ምዕራፍ ሰባት፦ በሩ ከተከፈተ በኋላ

የኦክስፎርዱ ሰው ምግብ አልጠላም። ይራባል፤ ይበላል፤ ይጠጣል። የዋጠው ግን ደረቱ ሥር ሲደርስ ቀጥ ይላል። ሌላ ጉርሻ ሲጨምርበት ቱቦው እስከ ላይ ይሞላና ሁሉም እንደ ገባ ተመልሶ ይወጣል። እየበላ በረሃብ መነመነ። ሐኪሙ ቶማስ ዊሊስ መድኃኒት ሞክሮ አልሆን ሲለው ከዓሣ ነባሪ አጥንት ቀጭን ዘንግ አበጀለት፤ ጫፉ ላይም ትንሽ ድቡልቡል ስፖንጅ አሰረበት። ሰውየው በበላ ቁጥር ዘንጉን በአፉ አስገብቶ ወደ ታች ይገፋል፤ የተዘጋው ይከፈታል፤ ምግቡም ወደ ጨጓራው ይወርዳል።

ዊሊስ ይህን እ.ኤ.አ. በ1674 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎታል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለዘንጉ ሲባል ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ግን ሌላው ነገር ነው። ዊሊስ ሕመምተኛው ያን ቀን እንደ በላ ጽፎ አላቆመም። ወደ 15 ዓመት ገደማ በዚሁ ዘንግ እየበላ እንደ ኖረ፣ ይህ ሲጻፍም በሕይወት እንደ ነበረ ነግሮናል። ዛሬ በኢንዶስኮፒ ጡንቻ እየቆረጡ ይህን በሽታ የሚያክሙ ሐኪሞች ሊመልሱት የሚገባው ጥያቄም ያው ነው፦ ሰውየው ከአምስት ዓመት በኋላ እንዴት ይበላል? ከአሥር ዓመት በኋላስ?

በሽታው አካላዢያ ይባላል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «አለመላላት» ማለት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ስም ሊወጣለት አይችልም።

የምግብ ቱቦ ከጉሮሮ እስከ ጨጓራ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ጡንቻው ከላይ ወደ ታች በተራ እየተኮማተረ ምግቡን ይገፋዋል፤ ቁልቁል የተዘቀዘቀ ሰው እንኳ መዋጥ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ታችኛው ጫፍ ላይ ያለው የቀለበት ጡንቻ ደግሞ በር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ተዘግቶ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እንዳይመለስ ይጠብቃል፤ ስንውጥ ለጥቂት ሴኮንድ ይላላል። «ላላ» የሚለውን ትእዛዝ የሚያደርሱት በጡንቻው ድርብርቦች መካከል እንደ መረብ የተዘረጉ ነርቮች ናቸው፤ መልእክታቸውን የሚያስተላልፉትም በናይትሪክ ኦክሳይድ ነው። በአካላዢያ የሚሞቱት እነዚህ ነርቮች ናቸው። «ጥበቅ» የሚለው ትእዛዝ ይቀራል፤ «ላላ» የሚለው ይጠፋል። የቱቦው ግፊትም ሥርዓቱን ያጣል፤ አንዳንዱ ጋ ጨርሶ ይቆማል፤ አንዳንዱ ጋ ያለ ተራው እየተኮማተረ ደረት የሚሰነጥቅ ሕመም ያመጣል።

ነርቮቹን የሚገድላቸው የሰውነት የራሱ መከላከያ ኃይል ነው የሚለው ጥርጣሬ ብርቱ ነው። በላቲን አሜሪካ የቻጋስ በሽታ የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ እነዚህኑ ነርቮች አጥፍቶ ተመሳሳይ ሕመም ያስከትላል። ከዚያ ውጭ ባለው ዓለም በሽታው በዓመት ከ100,000 ሰው አንዱን ያህል የሚይዝ ብርቅ ሕመም ነው።

ብርቅ መሆኑም ሌላ ጣጣ ያመጣል። በእኛ አነጋገር ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ «ጨጓራ» ነው። ምግብ ደረቱ ላይ የቆመበት ሰው «ጨጓራዬን ነው» ይላል፤ የጨጓራ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ አይሻለውም። ቱቦው ውስጥ ያደረው ምግብ ሌሊት ወደ ሳምባ እየሾለከ ሲያስለው፣ ሰውነቱም ሲከሳ፣ ነገሩ የሳምባ በሽታ ይመስላል። አንድ ምልክት ግን ልብ ካሉት ብዙ ይናገራል፦ አካላዢያ ከመነሻው ጠጣሩንም ፈሳሹንም ያስቸግራል። እንጀራውም ውኃውም እኩል የሚቆምበት ሰው የነርቭና የጡንቻ ችግር ሊጠረጠርለት ይገባል። በካንሰር የሚጠብበው ቱቦ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከጠጣሩ ነው፤ ፈሳሹ የሚከተለው ቆይቶ ነው። ሁለቱም በኢንዶስኮፒ መታየት አለባቸው፤ ካንሰር አካላዢያን መስሎ ሊመጣ ይችላልና።

ሕመሙ ከሰውነት አልፎ ማዕድ ይነካል። አብሮ መብላት የፍቅር መለኪያ በሆነበት ቤት፣ ጉርሻ የማይቀበል ሰው ምን ይባላል? አንድ ጊዜ ይጎርስና ውኃ ይከልስበታል፤ ደረቱን ያቀናል፤ ተነስቶ ትንሽ ይንጎራደዳል፤ ካልወረደለት ወደ ጓሮ ይወጣል። ሁለተኛ ጊዜ ሠርግ ሲጠራ ይቀራል። የዚህ ሕመም መለኪያ በቱቦው ግፊት፣ በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ብቻ መጻፉ የሚከነክነኝ ለዚህ ነው።

የሞተውን ነርቭ የሚመልስ መድኃኒት የለም። ስለዚህ እስከ ዛሬ የተሞከረው ሕክምና ሁሉ በሩ ላይ ያነጣጥራል። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ኤርንስት ሄለር እ.ኤ.አ. በ1913 በላይፕዚግ ሆድ ከፍቶ የበሩን ጡንቻ ከውጭ ቆረጠ፤ የውስጡን ቀጭን ሽፋን ግን ሳይነካ ተወው። ይህ ቀዶ ሕክምና ዛሬም በስሙ ይጠራል፤ አሁን በብዛት የሚሠራው በትናንሽ ቀዳዳዎች፣ በላፓሮስኮፒ ነው። ሌሎች ደግሞ በአፍ ባስገቡት ፊኛ በሩን በግድ ይለጥጡታል፤ ፊኛው ሲነፋ ስፋቱ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ቦቱሊነም የሚባለውን መርዝ ጡንቻው ላይ መውጋትም አለ፤ ያላላል፤ ግን በወራት ውስጥ ይከስማል። ለቀዶ ሕክምና አቅም ለሌለው አረጋዊ ካልሆነ አልመርጠውም።

ጡንቻውን ከውስጥ፣ በኢንዶስኮፒ መቁረጥ ይቻላል ወይ? የቬንዙዌላው ሐኪም ኦርቴጋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980 በ17 ሕመምተኞች ላይ እንደሚቻል አሳዩ። የቆረጡት ግን ሽፋኑን ከነጡንቻው ነበር፤ ቅዱ ጥቂት ከጠለቀ የምግቡ መንገድ በቀጥታ ወደ ደረት ውስጥ ይከፈታል። ደረት ውስጥ የገባ ምራቅና ምግብ ገዳይ ብግነት ያመጣል። ሐኪሞች ፈሩ፤ ሐሳቡም ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ተኛ።

የቀሰቀሰው ዋሻ ነው። በአሜሪካ የፓንካጅ ፓስሪቻ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 በአሳማዎች ላይ በሽፋኑና በጡንቻው መካከል ዋሻ ቆፍሮ በዚያ በኩል መቁረጥ እንደሚቻል አሳተመ። በዓመቱ፣ በመስከረም 2008 እ.ኤ.አ.፣ ሃሩሂሮ ኢኖዌ በጃፓን ዮኮሃማ ይህን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው አዋለው። ሕክምናው ፖኤም የሚባለውን አጭር ስም ያገኘውም ከእሱ ነው።

ዋሻውን ቀርበን እንየው።

ታካሚው በሙሉ ማደንዘዣ ተኝቷል። ቱቦው ውስጥ የቀረ ምግብ እንዳይኖር ከዚያ በፊት ፈሳሽ ብቻ ሲወስድ ቆይቷል። ከትንሽ ጣት የማይወፍረው ኢንዶስኮፕ በአፉ ይገባል። የሚነፋው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ወደ ደረት ቢያመልጥ ሰውነት ከተራ አየር ይልቅ ቶሎ ይመጠዋል። ሐኪሙ ከበሩ ብዙ ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በመርፌ ሰማያዊ ቀለም የተቀላቀለበት የጨው ውኃ ከሽፋኑ ሥር ይወጋል። ሽፋኑ እንደ ውኃ ቋጠሮ ያብጣል። እብጠቱን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀደዋል፤ ኢንዶስኮፑም በቅዱ አንገቱን አስግጎ ይገባል።

እዚያ ውስጥ የሚታየው ሰማያዊ ድር ነው። በአንድ ወገን ቀጭኑ ሽፋን፣ በሌላው ወገን የጡንቻው ነጣ ያሉ ቀለበቶች፣ መሐሉ ላይ ደግሞ በቀለሙ የራሰ ልል ክር። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ትንሽ ቢላ ድሩን እየበጠሰ ወደ ታች ይወርዳል፤ መንገድ ላይ የተገኘ የደም ሥር ይተኮሳል። በሩ ጋ ሲደርስ ዋሻው ይጠብባል፤ ኢንዶስኮፑ ሲጨነቅ እጅ ላይ ይታወቃል። ጨጓራው ጋ ሲያልፍ በድንገት ሰፋ ይላል። አሁን ቢላው ወደ ላይ ተመልሶ የውስጡን የቀለበት ጡንቻ አንድ በአንድ እየቆረጠ እስከ ጨጓራው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ድረስ ይወርዳል። በመጨረሻ ኢንዶስኮፑ ከዋሻው ወጥቶ በተለመደው የምግብ መንገድ ይሄዳል፤ ቅድም አንቆ ይዞት የነበረው በር ያለ ተቃውሞ ያሳልፈዋል። የመግቢያው ቅድ በትናንሽ የብረት ቅንጥቦች ይዘጋል።

ብልሃቱ ያለው ሽፋኑ የተቀደደበትና ጡንቻው የተቆረጠበት ቦታ ለየብቻ መሆኑ ላይ ነው። የተቆረጠውን ጡንቻ ያልተነካ ሽፋን ይጋርደዋል። ኦርቴጋ የጎደለው ይህ መጋረጃ ነበር።

ኢኖዌ የመጀመሪያዎቹን 17 ሕመምተኞች ውጤት እ.ኤ.አ. በ2010 ሲያሳትም የመዋጥ ችግራቸው በአማካይ ከ10 ነጥብ ወደ 1.3 ወርዶ ነበር። እጅግ ደስ የሚል ቁጥር ነው። ሕመምተኞቹን የተከታተላቸው ግን በአማካይ ለአምስት ወር ነበር። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የምዕራፉ ዋና ነገር ነው።

ውጤቱ የሚለካው በብዛት ጀርመናዊው ኤካርት ባወጣው ነጥብ ነው። አራት ጥያቄ አለው፦ ሲውጡ መቆም፣ የዋጡት ተመልሶ መምጣት፣ የደረት ሕመም፣ ክብደት መቀነስ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከ12 ነው። ከሕክምና በኋላ 3 ወይም ከዚያ በታች ያገኘ «ተሳክቶለታል» ይባላል። መለኪያው ይጠቅማል፤ ነገር ግን በሕመምተኛው ቃል ላይ የቆመ ነው፤ ሰው ደግሞ ይለምዳል። አሥር ዓመት ቀስ ብሎ ሲበላ የኖረ ሰው «አሁን ደህና ነኝ» ሲል ከምን ጋር አወዳድሮ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በዚህ መለኪያ የኢኖዌ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 የ500 ሕመምተኞችን ውጤት ሲያወጣ፣ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የቆዩት ጋ ስኬቱ ከመቶ 88.5 ነበር። ይህ ሕክምናውን የፈጠሩት ሰዎች በራሳቸው ቤት ያገኙት ነው። ጠንከር ያለው ማስረጃ የሚመጣው ሕመምተኞችን በዕጣ ከፍለው ካነጻጸሩ ጥናቶች ነው። ሁለቱን ልጥቀስ።

በአንደኛው 133 ሕመምተኞች ወይ ፖኤም ወይ ፊኛ በዕጣ ደረሳቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የሁለት ዓመት ውጤት ፖኤም ከመቶ 92፣ ፊኛ ከመቶ 54 ይላል። በአምስት ዓመት 81 እና 40 ሆነ። ፊኛውን ከዚህ ቁጥር ብቻ መፍረድ ግን ተገቢ አይመስለኝም። በዚህ ጥናት የፊኛው ስፋት በ35 ሚሊ ሜትር ተገድቧል፤ ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ሕክምና ያስፈለገው እንደ ከሸፈ ተቆጥሯል። ፊኛው እስከ 40 እንዲሰፋና እንዲደጋገም በተፈቀደበት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው የአውሮፓ ጥናት ላይ የሁለት ዓመቱ ስኬት ከመቶ 86 ነበር፤ ከሄለር ቀዶ ሕክምና ብዙም አልራቀም። ፖኤም በሌለበት አገር ያለ ሕመምተኛ ይህን ማወቅ አለበት። በሠለጠነ እጅ የሚደጋገም ፊኛም ሆነ የሄለር ቀዶ ሕክምና ሰውን ከማዕዱ መልሰው የሚያገናኙ ሕክምናዎች ናቸው።

ሁለተኛው ጥናት ፖኤምን ከላፓሮስኮፒ ሄለር ጋር በ221 ሰዎች ላይ አወዳደረ፤ ቦታው ስድስት የአውሮፓ አገሮች ናቸው። በሁለት ዓመት 83 ለ 81.7፤ አቻ ለአቻ። ከባድ ጉዳት በፖኤም ከመቶ 2.7፣ በቀዶ ሕክምናው 7.3 ላይ ደረሰ። በአምስት ዓመት ደግሞ ሁለቱም ዝቅ አሉ፤ ፖኤም 75፣ ሄለር 71 ገደማ። ፖኤም እየሟሸሸ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ቀዶ ሕክምናውም እኩል ወርዷል። የሚወርድበት ምክንያት በሁለቱም አንድ ነው፦ በሩ ተከፈተ እንጂ በሽታው አልዳነም።

ዓመታት ሲያልፉ ምን ይበላሻል? አንዳንዱ ጋ የተቆረጠው ጡንቻ ጠባሳ ሠርቶ ዳግም ይጠብባል። አንዳንዱ ጋ መጀመሪያውኑ ወደ ጨጓራው በኩል በቂ አልተቆረጠም። አንዳንዱ ጋ ደግሞ ጡንቻ ያጣው ግድግዳ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ እየተነፋ ከረጢት ይሠራል፤ ምግብ እዚያ ይጠራቀማል። ሕክምና ሳያገኝ ዓመታት ቆይቶ ቱቦው ሰፍቶና እንደ እባብ ተጠማዝዞ የመጣ ሰው ጋ፣ በሩ ቢከፈትም ምግቡ ማጠፊያው ላይ ይተኛል። ለዚህ ነው ዘግይቶ መምጣት ውጤቱን የሚያበላሸው፤ ለዚህም ነው «ጨጓራ ነው» እየተባለ የሚያልፈው እያንዳንዱ ዓመት የሚያሳዝነኝ። የከሸፈበት ሰው ግን መንገዱ አልተዘጋም፦ ፊኛ ይሞከራል፤ ወይም ፖኤሙ በቱቦው ሌላ ወገን ይደገማል።

ፖኤም ከሌሎቹ በግልጽ የሚልቅበት አንድ ቦታ አለ። የቱቦው ጡንቻ ያለ ሥርዓት በኃይል የሚኮማተርበት ሦስተኛው ዓይነት አካላዢያ የሚታወቀው ግፊትን በሚለካው የማኖሜትሪ ምርመራ ነው። እዚህ ችግሩ በሩ ላይ ብቻ አይደለም፤ ወደ ላይም ይወጣል። በሆድ በኩል የሚገባ ቀዶ ሐኪም ያን ያህል ከፍ ብሎ ለመቁረጥ ይቸገራል። በዋሻ የሚሄደው ግን የሚኮማተረውን ክፍል ርዝመት ለክቶ በዚያው ልክ ይቆርጣል።

አሁን ዋጋውን እንናገር። በሩ የተዘጋው ለምክንያት ነበር። ሲከፈት ምግብ ይወርዳል፤ አሲድም ይወጣል። የሄለር ቀዶ ሐኪም ጡንቻውን ከቆረጠ በኋላ የጨጓራውን ጫፍ አጥፎ ቅዱን ይሸፍነዋል፤ ይህ እንደ ከለላ ያገለግላል። በፖኤም ያ ከለላ የለም። በ221ዱ ሰዎች ጥናት፣ ሕክምናው በተደረገ በሦስት ወሩ በኢንዶስኮፒ ሲታዩ በአሲድ የቆሰለ ቱቦ በፖኤም ከመቶ 57፣ በሄለር ከመቶ 20 ላይ ተገኘ። በሁለት ዓመት 44 እና 29 ሆነ። ልዩነቱ ጠበበ፤ አልጠፋም።

ብዙው ቁስል ቀላል ነው፤ እንደ ኦሜፕራዞል ባሉ አሲድ ቀናሽ መድኃኒቶችም ይገታል። አሳሳቢው ዝምታው ነው። ቱቦው ቆስሎ ቃር የማይሰማው ሕመምተኛ ብዙ ነው፤ ቃር የሚሰማው ሁሉም ደግሞ የቆሰለ አይደለም፤ የቆመ ምግብ ሲብላላም ያቃጥላል። ስለዚህ «አያቃጥለኝም» ብሎ መድኃኒት መተው፣ ምርመራ መቅረት፣ አደጋ አለው። ዓመታት ያልታከመ አሲድ ራሱ ጠባሳ ሠርቶ ቱቦውን ሊያጠብብ ይችላል፤ ያኔ ሕመምተኛው የድሮው በሽታዬ ተመለሰ ይላል፤ ያጠበበው ግን ሌላ ነው። ለዚህ ችግር ሐኪሞች አልተኙም። በበሩና በጨጓራው መገናኛ ላይ ያሉትን ከለላ የሚሰጡ የጡንቻ ክሮች እየለዩ መተው ጀምረዋል፤ ኢኖዌም ጨጓራውን በኢንዶስኮፒ የሚያጥፍ ተጨማሪ ሥራ አስተዋውቋል።

ማንኛውም ታካሚ ፈርሞ ከመተኛቱ በፊት ይህን የመስማት መብት አለው ብዬ አምናለሁ። መዋጥ ትችላለህ፤ ምናልባት ለዓመታት መድኃኒት ትወስዳለህ። ብዙዎች ይህን ሰምተው በደስታ ይስማማሉ። ውኃ ቆሞበት የሚያድር ሰው ክኒን አይከብደውም። ግን ምርጫው የእሱ መሆን አለበት።

ከሕክምናው በኋላም የቱቦው ግፊት አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጤነኛ ሰው አይመለስም። ምግቡን የሚያወርደው በዋናነት የራሱ ክብደት ነው። ስለዚህ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ መብላት፣ አላምጦ መዋጥ፣ ውኃ አለመለየት፣ ከእራት በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይተኙ መቆየት፣ ሲተኙም የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግ የሕክምናው አካል ነው። ብዙ ዓመት የቆየ አካላዢያ ያለበት ሰው በምግብ ቱቦ ካንሰር የመያዝ ዕድሉም ከሌላው ሰው ይበልጣል። ጡንቻው መቆረጡ ይህን አያስቀረውም። ብዙ ሐኪሞች በሽታው አሥር ዓመት ካለፈው በኋላ በየጥቂት ዓመቱ ኢንዶስኮፒ የሚያዝዙት ለዚህ ነው።

ከክትትሉ ሁሉ ቀላሉ ግን ራጅ ነው። ታካሚው ቆሞ አንድ ብርጭቆ ነጭ ባሪየም ይጠጣል፤ በአንደኛው፣ በሁለተኛውና በአምስተኛው ደቂቃ ፎቶ ይነሳል። በአምስተኛው ደቂቃ ቱቦው ውስጥ የቀረው ነጭ ዓምድ ቁመቱ በማስመሪያ ይለካል። ሕመምተኛው ደህና ነኝ እያለ ዓምዱ ካቻምና ሁለት፣ አምና አራት፣ ዘንድሮ ስምንት ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሐኪሙ ጉርሻው ሳይቆም በፊት ያውቃል። ይህን ለማየት የዘንድሮው ራጅ ብቻውን አይበቃም፤ የአምናውንና የካቻምናውን በአንድ ፖስታ አድርጎ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።